ጽጌን የተቆጣሁበት ሳምንት

እሑድ፣ ጥቅምት 9

እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። "አስቤ እደውልልሻለሁ" አልኳት። ክርስትና ለማንሳት ደግሞ ምን ሐሳብ ያስፈልጋል?

የደወለችው ሄለን ናት፣ የጽጌ ልጅ፣ ከሂርና። ሕፃኗ የፊታችን እሑድ ሰማንያ ቀኗን ትደፍናለች፣ ክርስትና ትነሳለች። "እትዬ አስኩ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ ሴት ከወለድኩ የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ ብዬሽ እሺ ብለሽኛል። ቃል ነው" አለችኝ። ቃል ነው፣ አልካድኩም። ከኋላዋ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ሌላ ድምፅ ደግሞ "እሹሩሩ" ይላል። ጽጌ ናት። አራስ ልጇን ልትጠብቅ ከሐምሌ ጀምሮ ሂርና ናት። በስልኩ ላይ ያለሁት እኔ መሆኔን እያወቀች አገናኚኝ አላለችም። እኔም አላልኩም።

ጽጌና እኔ እዚህ ጭሮ ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር ተጎራብተናል። ጨው ሲያልቅብኝ በር አላንኳኳም ነበር፣ ገብቼ እወስዳለሁ። ካለፈው ኅዳር ወዲህ ግን "እንደምን አደርሽ" ብቻ ሆነናል። እናቴ ስትሞት አዲስ አበባ ነበርኩ። ጽጌ ሞቷን ደበቀችኝ፣ ከቀብሩ ቀረሁ። ይኸው ነው ጠቡ። ጠብ እንኳ አይባልም፣ አልተጣላንም። እኔ ዝም አልኩ፣ እሷም ዝም አለች።

ግን አያቷን አኩርፌ ልጅቱን ከጥምቀት ውሃ እንዴት ነው የምቀበላት? ነገ የንስሐ አባቴን አነጋግራለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከሥራ ስወጣ መምሬ ክንፈን ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘኋቸው። እንዲህ ሆነ፦

"ቂም አለሽ?"
"የለኝም።"
"ሰላም ትባባላላችሁ?"
"እንዴታ!"
"ቤቷ ገብተሽ ውሃ ጠጥተሻል?"

ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ። "እንግዲያው አለሽ" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። "መምሬ፣ እኔ ቁጡ መሆኔን ያውቃሉ። ይሄን ግን በትዕግሥት ነው የያዝኩት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም" አልኳቸው። ኮርቼ ነው የተናገርኩት። "ያልወጣው ታዲያ የት ሄደ?" አሉኝ።

ቀኖናዬ፦ ጉልበቴን ስለሚያውቁ ስግደት አላዘዙኝም። የዚህን ሳምንት ቁጣዬን ሁሉ እንድጽፍ ነው ያዘዙኝ። በማን፣ በምን፣ ስንት ሰዓት መጣ፣ ስንት ሰዓት ሄደ። መዝገብ ቤት መሥራቴን አስበው መሆን አለበት። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ፋይል ስከፍት ኖሬ የራሴን መክፈት ሊቸግረኝ ነው?

ደግሞ ጠየቅኳቸው፣ ቁጣ ራሱ ኃጢአት ነው ወይ ብዬ። "ውሻ ማሳደር ኃጢአት ነው?" አሉኝ። "ሌባ ሲመጣ እንዲጮህ ነው የተሰጠሽ። እንግዳ ከነከሰ ግን ጥፋቱ የባለቤቱ ነው።"

ቤቴ እስክደርስ ይህንን ሳላምጥ መጣሁ። የማይጮህ፣ የማይነክስ፣ ደጅ ላይ ተጋድሞ ማንንም የማያስገባስ? እሱን መጠየቅ ነበረብኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የዛሬው መዝገብ፦

ጧት 2፡10። ባለባጃጁ ጉልበቴ ላይ የጫት እሽግ አስቀመጠብኝ። ጮህኩ። ስወርድ "ይቅርታ እማማ" አለኝ። "እማማ" ማለቱ ሌላ ቁጣ። 2፡25 ላይ ሁለቱም ሄደዋል።

4፡00። አለቃዬ። ፋይሉ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ "መዝገብ ቤት አጥፍቶታል" ብሎ በሰው ፊት። እዚያው መለስኩለት። ፋይሉን ሲያገኘው አፍሮ ሻይ አስመጣልኝ። ሻዩ ሳያልቅ ቁጣዬ አለቀ።

7፡00። የውሃ ፈረቃችን ነበር፣ ቧንቧው ግን ደረቅ። በማን ልቆጣ? በቧንቧው ተቆጣሁ። በእግሬ መታሁት፣ አመመኝ። ቧንቧው ምንም አልሆነም።

ያስተዋልኩት ነገር አለ። ቁጣ ከልብ ይነሳል ይላሉ፣ የእኔ ግን መጀመሪያ ጆሮዬን ነው የሚያግለኝ። ሃምሳ አራት ዓመት ስቆጣ ኖሬ ዛሬ ገና ማወቄ!

ሌላም አለ። የጮህኩበት ቁጣ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ያልጮህኩባት አንዲት ሰው ብቻ ናት።

10፡30 ገበያ። ቲማቲም የምትሸጥልኝን ፋጡማን "እናንተስ ስትናደዱ ምን ታደርጋላችሁ?" አልኳት። "እኔማ ወላሂ እጮሃለሁ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ ነገረችኝ፦ "ዲናችን ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ ይላል። ተቀምጠሽ ከሆነ ጋደም በይ። ውዱ አድርጊ፣ ውሃው ያበርድሻል። ኦብሲ፣ አስካለ! መታገሥ ነው።" ነገ እሞክረዋለሁ። መምሬ ባይሰሙ ይሻላል። ወይም ይስሙ፣ ምን ክፋት አለው?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሞከርኩት! አለቃዬ ዛሬም መጣብኝ፣ በሌላ ፋይል። ጆሮዬ ሲግል ቶሎ ወንበር ፈለግኩ፣ የለም። መደርደሪያው ሥር ያለው ካርቶን ላይ ዘጭ አልኩ። ራሴን የሳትኩ መስሎት ደነገጠ። ውሃ ይዞ ሮጦ መጣ። ውሃውን ጠጣሁ፣ በቀረው ፊቴን አበስኩ። ቁጣው ሄደ። አለቃዬም ቀኑን ሙሉ በለሰለሰ አፍ አነጋገረኝ። ለፋጡማ ስነግራት ቲማቲሙን ጥላ ሳቀች።

የጽጌው ግን በዚህ አይሄድም። እሷን ሳስብ ተቀምጬም፣ ተጋድሜም ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ሙሉውን ልጻፈው።

አምና ኅዳር ቀኝ ዐይኔን ልታከም አዲስ አበባ ሄድኩ። እማዬን ለጽጌ ሰጥቼ። ቀዶ ጥገናው ደኅና ሆነ። ሐኪሙ ለአሥር ቀን እንዳላጎነብስ፣ ዕቃ እንዳላነሳ፣ እንዳላለቅስ አስጠነቀቀኝ። በሦስተኛው ቀን እማዬ ሞተች። ጽጌ መንደሩን ሁሉ አፉን አስያዘች፦ አስካለ ተሽሏት እስክትመለስ አንድ ሰው እንዳይነግራት። በማግስቱ ቀበሯት። እኔ በየቀኑ እደውላለሁ። "እማዬስ?" "ተኝታለች።" "እማዬስ?" "ፀሐይ ልትሞቅ ወጥታለች።" ስምንት ቀን።

ስመጣ ጽጌ መናኸሪያ ተቀበለችኝ። እማዬ ዘመድ ጥየቃ ሂርና ሄዳለች አለችኝ። እራት አበላችኝ፣ አብራኝ ተኛች። ጎህ ሲቀድ ግቢው ነጠላ ባዘቀዘቀ ሰው ተሞላ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ራሴ ነኝ።

መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አውቃለሁ። እኔም ለሰው ስንት ጊዜ ደብቄያለሁ፣ ለመርዶ ስንት ጊዜ በጎህ ተነስቻለሁ። ጽጌ ያደረገችው እኔ ለእሷ የማደርገውን ነው። ዐይኔም ድኗል፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገባበታለሁ። ግን የእናቴን ሬሳ አላየሁበትም። ይህን በጻፍኩ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ ምንም አልተናደድኩም። ቀኑን ሙሉ ስጠብቅ ዋልኩ፣ አልመጣም። ቁጣ ሲጠብቁት ያፍራል መሰለኝ።

ሄለን መልእክት ልካለች፦ "እትዬ፣ ለልብሷም ለመስቀሏም እንድንዘጋጅ ቁርጡን ንገሪን።" መልስ አልሰጠሁም።

ማታ 12 ሰዓት ላይ መምሬ ጋ ደወልኩ። ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ጽጌ ጥፋት የለባትም፣ ለእኔ ብላ ነው ያደረገችው፣ እሷም አጠፋሁ ብላ አታውቅም። ታዲያ ያላጠፋ ሰው እንዴት ይቅር ይባላል? እኔ ይቅር ለማለት ፈልጌ ምኑን እንደምለው አጣሁ።

"ለእሷ ነግረሻታል?" አሉኝ።
"ምኑን?"
"መቆጣትሽን።"
"ታውቀዋለች።"
"ኩርፊያሽን ነው የምታውቀው። ሂጂና ተቆጪያት።"

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። የንስሐ አባቴ ሂጂና ተቆጪ አሉኝ! እኔ ታገሺ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። "ፊት ለፊቷ ተቆጪ፣ አትሳደቢ፣ ጨርሰሽ ስሚያት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደግሞ ቁጣሽን ተው በይው" አሉኝ። እሺ አልኩ። ለመቆጣት ፈቃድ ማግኘቴ አስፈራኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ 6፡30 በሚኒባስ ሄድኩ። ጠመዝማዛውን መንገድ ሁሉ የምላትን ስለማመድ ሄድኩ። በቅደም ተከተል አሰናድቼው ነበር። ሂርና ስደርስ አንዱም የለም።

ጽጌ ግቢ ውስጥ የሕፃን ጨርቅ ታሰጣለች። ከስታለች።
"መጣሽ" አለችኝ።
"ልቆጣሽ ነው የመጣሁት።"

አልሳቀችም። የቀራትን ጨርቅ አስጥታ ጨረሰች፣ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። "እሺ፣ ተቆጪ" አለችኝ።

ተቆጣሁ። ያንቺ እናት ናት ወይ? ማን ፈቀደልሽ? አንድ ዐይን ይዤ ብቀር ዐይኑ የማን ነው? ስምንት ቀን እንዴት አፍሽ እሺ አለሽ? ሄለን ሕፃኗን ታቅፋ ብቅ አለችና ተመልሳ ገባች። ጎረቤቶች በአጥር ያዩናል። ይዩ አልኩ።

ጽጌ ስትሰማ ስትሰማ ቆየችና እሷም ተነሳችብኝ። "አሥራ አንድ ወር! አንድ ቀን እንኳ እንዴት ሆና ሞተች ብለሽ ጠይቀሽኛል? ከእሷ ጋር የነበርኩት እኔ ብቻዬን ነኝ። ሰው ሁሉ ያንቺን ዐይን ይጠይቀኛል፣ እኔን አንቺ እንዴት ሆንሽ ያለኝ የለም!"

እውነቷን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ ቁጣ ስጠይቅ ሰንብቼ ይህን አልጠየቅኩም። ልቀጣት ነበር ያልጠየቅኳት። የተቀጣሁት ግን እኔ ነኝ።

"እንዴት ሆና ሞተች?" አልኳት። ይህንንም የጠየቅኩት በቁጣ ነው።

ጽጌ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አላየችኝም። "ጠርታሽ ነበር" አለች። "አስካለን ጥሩልኝ አለችኝ። ሁለት ጊዜ።"

ምንም አልገባኝም። "መቼ?"
"ከሰዓት በኋላ አንዴ፣ ሲመሻሽ አንዴ። ደወልኩልሽ፣ አንዴ ሲጠራ ዘጋሁት።"

አስታወስኩ። ያን ቀን ከጽጌ አንድ ያላነሳሁት ጥሪ ነበረ። መልሼ ስደውል "በስሕተት ተነክቶ ነው" ብላኛለች።

እስከ ዛሬ የደበቀችኝ መርዶ ነበር የመሰለኝ። መርዶ መደበቅ ደንብ ነው። እማዬ ግን በሕይወት ሳለች ነው የጠራችኝ። "ስልኩን ጆሮዋ ላይ ብታደርጊው ምን ነበር?" አልኳት። "ድምፅዋን ከሰማሽ ታውቂያለሽ፣ ዐይንሽን ይዘሽ ትመጪያለሽ ብዬ" አለች። ከዚያ "ይቅር በይኝ" አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። የመጨረሻውን ሚኒባስ አገኘሁ። ፀሐይዋ ጭሮ ሳልደርስ ጠለቀች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

በማን፦ በጽጌ። መጣ፦ ትናንት 9 ሰዓት። ሄደ፦ አልሄደም።

ጧት ሁለት ባልዲ ልብስ አጠብኩ። የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ። ሄለን ሦስት ጊዜ ደውላ አላነሳሁም።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ያላጠፋ ሰው እንዴት ይቅር ይባላል ብዬ ነበር። ይኸው አሁን ጥፋት አለ። እውነተኛ ጥፋት፣ ስም ያለው። ለምንድነው ታዲያ ከትናንት በስቲያው የሚቀለኝ? ቁጣዬ በእጥፍ ሆኖ ሳለ ደረቴ ለምን ተከፈተ? ለዚህ ነገር የሚበቃ ትምህርት የለኝም።

ደግሞም ሳስበው ማንም አላወቀባትም። መንደሩ አስታማሚዋ፣ ቀባሪዋ እያለ ነው የሚያመሰግናት። ዝም ብትል እስከ ዕለተ ሞቷ አላውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ይዛ ሂርና እስክትሄድ ድረስ በአጥሬ በኩል "እንደምን አደርሽ" ስትለኝ ኖራለች። የእኔ ዝምታ የኩርፊያ ነው። የእሷ ሌላ ነበር።

እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርገው ነበር። ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም።

7 ሰዓት ላይ የክት ቀሚሴን በፌስታል ይዤ ወደ ሂርና ተመለስኩ። ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስንቱን ሚኒባስ እንዳየች እንጃ።

"ትናንት ይቅር በይኝ ብለሻል" አልኳት።
"ብያለሁ።"
"ይቅር ለእግዜር።" አፌ ላይ ከበደኝ። "ግማሹን ነው ያልኩሽ። ግማሹ ገና ነው።"
"ለዛሬ ግማሹም ይበቃኛል" አለች።

ገባሁ። ውሃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። "አሁን ከጧት ጀምረሽ ንገሪኝ" አልኳት።

ነገረችኝ። ጧት እማዬ ገንፎ ቀምሳለች። ጨው በዛ ብላ ተቆጥታለች (ከማን እንደወረስኩት!)። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ጨመረ። መጀመሪያ ስትጠራኝ ጽጌ የትኩሳት ወሬ መሰላት። ሲመሻሽ ግን ዐይኗን ገልጣ፣ በደንብ አውቃ ነው የጠራችኝ። "ትመጣለች አልኳት" አለች ጽጌ። "አመነችኝ። ሻሼን አስተካክይልኝ አለች። አስተካከልኩላት። ከዚያ በሩን በሩን ስታይ..." አልጨረሰችውም።

አለቀስኩ። ስለ ዐይኔ የሚከለክለኝ አልነበረም። ጽጌም አለቀሰች። ሄለን ሕፃኗን አምጥታ መሀላችን አስተኛችና ወጣች።

መምሬ ጋ ደወልኩ። "ግማሽ ይቅርታ ይዤ ክርስትና ላንሳ?" አልኳቸው። "ሙሉ ይዞ የመጣ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፣ አንሺ" አሉኝ። ስለ ፀሐይዋም ተናዘዝኩ፣ አንድ ቀን እንዳሳለፍኳት። "ዛሬስ?" አሉኝ። ዛሬ ገና አልጠለቀችም ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ኪዳነ ምሕረት። ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ሕፃኗ ወለተ ኪዳን ተባለች። ስለ እሷ ሆኜ ሰይጣንን ካድኩ፣ ሃይማኖቷን መሰከርኩላት። ከውሃው ሲያወጧት ተቀበልኳት። ትንሽ፣ የምታዳልጥ፣ በቁጣ የምትጮህ። ይህችስ በማን ነው የተቆጣችው?

በዚያው ሰዓት፣ እርጥብ ሕፃን ታቅፌ፣ መጣብኝ። "በሩን በሩን ስታይ" የሚለው። ጆሮዬ ጋለ። በዚህ ቦታ! አፈርኩ። መቀመጥ አልችል፣ መጮህ አልችል። ቀና ስል ጽጌ የሕፃኗን ነጭ ልብስ ዘርግታ ቆማለች፣ እያየችኝ ነው። ሕፃኗን ሰጠኋት። አለበስናት፣ ማተቧን አሰርኩላት።

ቤት ከገባን በኋላ እንግዳው ሲበላ ጽጌ ወደ ጓሮ ጠራችኝ።

"መጥቶብሽ ነበር አይደል?"
"መጥቶብኝ ነበር።"
"ገና ይመጣል። ሲመጣብሽ ደውይና ተቆጪኝ። መሥሪያ ቤትም ብትሆኚ፣ ገበያም ብትሆኚ። ዝም ብቻ አትበይኝ። ዝምታሽን አልችለውም፣ አስኩ።"

እሺ አልኳት። ከዚያ እሷም "እኔም በእናትሽ ሐዘን ብቻዬን ስለተውሽኝ ሲመጣብኝ እደውላለሁ" አለችኝ። ይህን አልጠበቅኩም። ግን ምን እላለሁ? እሺ አልኳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጧት ሥራ ገባሁ። መምሬ ያዘዙኝ ሳምንት አልቋል፣ መጻፍ ግን አልተውኩም።

4፡20 ላይ የአንድ ጡረተኛ ፋይል ስፈልግ፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ መጣ። ካርቶኑ አጠገቤ ነበር፣ አልተቀመጥኩም። ስልኬን አነሳሁ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጣት "ስልኩን ጆሮዋ ላይ ብታደርጊው ምን ነበር?" አልኳት። አለቃዬ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ አየኝ።

"ምንም አልነበረም" አለች። "ማድረግ ነበረብኝ።"

ሌላ ሰበብ አልጨመረችም። እኔም ሌላ አልጨመርኩም። እስትንፋሷ ይሰማኛል፣ ማንም አልዘጋም። ከዚያ ሕፃኗ ማተቧን እየጎረሰች አስቸግራለች አለችኝ። አጥብቃችሁ ግን እንዳታስሩባት፣ አንገቷ ገና ለጋ ነው አልኳት። አንቺ ነሽ ያሰርሽው፣ መጥተሽ አንቺው አስተካክለሽ እሰሪ አለችኝ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ።